ግራና ቀኝ አንጎላችን ደስታንና ሐዘንን እንዴት ይካፈሉታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች እጅና እግር ሳለማምድ ነው የምውለው። የሥራዬ ግማሽ ግን ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ከሚጠብቁ ቤተሰቦች ጋር። «እጁ መቼ ይነሣል?» ብለው ከጠየቁኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ፀባዩ ለምን ተለወጠ?» አንዳንዱ ደግሞ ስልኩ ላይ ያነበበውን ይዞ ይመጣል። «ግራው የደስታ፣ ቀኙ የሐዘን ነው ይላል፤ የእሷ የተመታው የትኛው ነው?» ይለኛል። እዚህ የሰበሰብኩት እነዚያን ጥያቄዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራው አንጎል ደስታን፣ ቀኙ ሐዘንን ይይዛል የሚባለው እውነት ነው?

እንዲህ ተቆርጦ ሲነገር እውነት አይደለም። ነገር ግን ከባዶ የተነሣ ወሬም ስላልሆነ «ውሸት ነው» ብዬ አላልፈውም።

ማንኛውም ስሜት፣ ደስታም ይሁን ፍርሃት ወይም ሐዘን፣ ሁለቱንም የአንጎል ግማሾች ያሠራል። ፍርሃትንና ሌሎች ስሜቶችን ከሚያስተናግዱት ክፍሎች ዋናው የሆነው አሚግዳላ እንኳ አንድ አይደለም፤ በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለን። ልዩነት የሚታየው በሚዛን ነው፤ በተለይ ከግንባራችን ጀርባ ባለው ክፍል አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ በርታ ብሎ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ያንን ሚዛን ደግሞ «ደስታ» እና «ሐዘን» ከሚሉት ቃላት ይልቅ «ወደ ነገሩ መቅረብ» እና «ከነገሩ መሸሽ» የሚሉት ይበልጥ ይገልጹታል። ወደ ቁጣ ስንደርስ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። አንጎልና አካል የተያያዙት በመስቀለኛ ነው። ግራ አንጎል ቀኝ እጅና እግርን ያዛል፣ ቀኝ አንጎል ደግሞ ግራውን። ስለዚህ «ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ» ካላችሁኝ የተጎዳው ግራ አንጎሏ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ነገር ነው።

ታዲያ ወሬው ከየት ተነሣ?

ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው የተነሣው። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም፣ «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር መናገር ያቃተውን ሰው አንጎል ከሞተ በኋላ መርምሮ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘው። ከዚያ ወዲህ ግራው የቋንቋ ቤት ተባለ። ቀኙን ለረጅም ጊዜ የጠየቀው አልነበረም።

በ1930ዎቹ ከርት ጎልድስታይን የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ቀላል ሥራ ሲያቅታቸው ድንገት እንደሚረበሹ፣ እንደሚያለቅሱና እንደሚቆጡ ጻፈ። በ1972 ጣሊያናዊው ጊዶ ጋይኖቲ 160 ሕሙማንን አነጻጸረ። ግራ አንጎላቸው የተጎዳው እንዲያ በስሜት ሲናወጡ፣ ቀኛቸው ከተጎዳው ግን ብዙዎቹ ሕመሙ የሌላ ሰው ይመስል ግድ አልነበራቸውም፤ እየቀለዱ የሚያወሩም ነበሩ።

ሌላው ምንጭ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ አንድ ምርመራ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ጁን ዋዳ በጀመረው በዚህ ዘዴ፣ ማደንዘዣ በአንገት የደም ሥር በኩል ወደ አንዱ ግማሽ ብቻ ይላካል። ያ ግማሽ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተኛል፣ ሌላው ነቅቶ ይቆያል። የጣሊያን ሐኪሞች ግራው ሲተኛ አንዳንዱ ታካሚ ተስፋ ቆርጦ እንደሚያለቅስ፣ ቀኙ ሲተኛ ደግሞ እንደሚስቅና ሁሉም ነገር እንደሚቀለው ተመለከቱ። «እንግዲያው ደስታውን ይዞት የነበረው ግራው ነው» የሚለው ሐሳብ ከዚህ መጣ። ሞንትሪያል ትሠራ የነበረችው ብሬንዳ ሚልነር ግን በራሷ ታካሚዎች ላይ እንዲህ ያለ የግራና የቀኝ ልዩነት አላገኘችም። ነገሩ ከመጀመሪያውም አከራካሪ ነበር፤ ስልካችን ላይ የደረሰው ግን ክርክሩን ጥሎ ነው።

አባቴ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆኖ «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። እልህ ነው ወይስ እኛን እንዳያስጨንቁ ብለው ነው?

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው፤ ብዙ ቤት ያጣላ ነገር ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው ያስቀመጠው ዕቃ መስሎ ተጋድሟል። «አባባ፣ ግራ እጅዎን ያንሡልኝ» አልኳቸው። ቀኙን አነሡ። «ግራውን» ስላቸው «አነሣሁት እኮ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ እልህም ሐፍረትም አልነበረም። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በኋላ ስናወራ፣ ቤት ውስጥ ምግብ ሲቀርብላቸው ከትሪው በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልተው ግራውን እንዳለ እንደሚመልሱ ነገረችኝ። ወጡ አልጣፈጣቸውም ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ስትቀያይር ነበር።

ይህ ሁኔታ አኖሶግኖዥያ ይባላል። ስሙን በ1914 ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ዦዜፍ ባቢንስኪ ነው፤ ሰውየው የራሱን ሕመም አለማወቁ ማለት ነው። ከግራ ይልቅ ቀኝ አንጎል ሲጎዳ ይበዛል። ትሪውን በግማሽ መብላትም የዚያው ዘመድ ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ የጠፋባቸው ወደ ግራ በኩል የሚሄደው ትኩረት ነው። ከውጭ ሲታይ ረጋ ያለ፣ እንዲያውም ደስ ያለው ሰው ይመስላል። ቀኝ አንጎል ሲጎዳ «ሐዘን ይጠፋል» የሚለው አባባልም የተገነባው በከፊል እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። እኔ ግን ይህንን ደስታ ለማለት አፌ አይደፍርም። የሚያዝኑበት ነገር መኖሩን ገና አልደረሱበትምና።

አትከራከሯቸው። «ሽባ ሆነሃል፣ እመን!» ማለት ለሁለታችሁም ሥቃይ ነው። ብዙ ጊዜ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚያው የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ደህና ነኝ ብለው ካመኑ ማታ ሽንት ቤት ብቻቸውን ሊነሡ ይችላሉ፣ ይወድቃሉም። አልጋቸው አጠገብ ሰው ይተኛ። ምግቡን በልተው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ትሪውን አዙሩላቸው። ስታወሯቸው መጀመሪያ በሚያዩአችሁ በኩል ቀርባችሁ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ጎናቸው ዞር በሉ፤ ዓይናቸው ይከተላችኋል።

እናቴ ደግሞ በትንሽ ትልቁ ታለቅሳለች። ግራ አንጎሏ ስለተመታ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ልቅሶ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ ሦስቱን ለመለየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ጎልድስታይን የጻፈው ዓይነት ነው። ቀኝ እጃቸው የሰነፈ፣ ንግግርም የያዛቸው አንዲት እናት የሹራባቸውን ቁልፍ እንዲቆልፉ ሰጠኋቸው። አንደኛውን ቆለፉ። ሁለተኛው ከጣታቸው ሾለከ፤ ደግመው ሞከሩ፣ ሾለከ። በሦስተኛው ሹራቡን ከላያቸው ወርውረው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ሥራውን ወደ ጎን አድርጌ፣ ውሃ ሰጥቼ፣ «አይዞዎት እማዬ» ብያቸው በደህናው እጃቸው ኳስ እንዲጨብጡ አደረግኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አቆሙ። እዚህ ላይ የልቅሶው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚፈልጉትን ያውቃሉ፣ እጁ እምቢ ይላል፣ ንዴታቸውን በቃል እንዳያወጡም ንግግሩ ታስሯል። እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?

ሁለተኛው ምክንያት የሌለው ልቅሶ ነው። ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ «ምን ሆነሻል?» ስትሏቸው «እኔ እንጃ» ይላሉ። አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ያመልጣቸዋል፣ ዘመድም ይቀየማል። ይህ የስሜቱን ልጓም የሚይዙት መስመሮች ሲጎዱ የሚመጣ ነው፤ ውስጣቸው የግድ አላዘነም። መድኃኒት አለው፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሦስተኛው ድብርት ነው፤ አጥብቄ የምናገረውም ስለ እሱ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች በግምት አንድ ሦስተኛው ድብርት ይይዛቸዋል። ማልቀስ ላይኖርበትም ይችላል። ምግብ መተው፣ ሌሊት መንቃት፣ ልምምዱን እምቢ ማለት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ምልክቶቹ ናቸው። በ1980ዎቹ ግራው የፊት ክፍል ሲጎዳ ድብርት ይበዛል የሚሉ ጥናቶች ወጥተው ነበር። በ2000 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ግን ጉዳቱ ያለበት ቦታና ድብርቱ መያያዛቸውን አላገኘም። ስለዚህ «የእሷ በቀኝ ነው የተመታው፣ ድብርት አይይዛትም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በየትኛውም በኩል ይሁን፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪም ይነገር።

ቁጣስ በየትኛው በኩል ነው? መጥፎ ስሜት ስለሆነ ቀኙ ነው አይደል?

አይደለም። «መቅረብ» እና «መሸሽ» የሚለውን አነጋገር እንድወደው ያደረገኝም ይኸው ነው።

ጠዋት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናችሁ እንበል። ካፊያ አለ፣ ሰዓት ሄዷል። ሚኒባሱ መጣ፣ ተራው የእናንተ ነው፤ አንዱ ከጎን ሾልኮ በሩን ያዘ። ያን ጊዜ የሚሰማችሁ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሰውነታችሁ ግን ወደ ኋላ አላለም። እግር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል፣ እጅ ተነሥቷል፣ ድምፅ ወጥቷል። ቁጣ መጥፎ ስሜት ሆኖ ወደ ነገሩ የሚያስጠጋ ነው። ኤዲ ሃርመን ጆንስና ባልደረባው ጆን አለን በ1998 ባወጡት ጥናት ቶሎ የሚቆጡ ወጣቶች ከግንባር ጀርባ በግራ በኩል የበረታ እንቅስቃሴ እንዳላቸው አሳዩ። «ግራ ማለት ደስታ ማለት ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ወለም አለው።

በ2009 ደግሞ ሃርመን ጆንስና ሌላ ባልደረባው ሰዎችን አስቆጥተው አንዳንዶቹን ቀና ብለው እንደተቀመጡ፣ ሌሎቹን በጀርባቸው እንዳስተኙ ለኩ። የተኙትም ተቆጥተናል ብለዋል፤ ያ የግራው መበርታት ግን አልታየባቸውም። ተጋድሞ ወደ ማንም መሄድ አይቻልምና። ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሣ «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» የሚሉ ሽማግሌዎቻችን ትዝ ይሉኛል።

ይህ ሚዛን በአዋቂ ብቻ ነው የሚታየው?

ሪቻርድ ዴቪድሰንና ናታን ፎክስ በ1982 የ10 ወር ሕፃናትን ወስደው፣ የራስ ቅል ላይ በሚለጠፍ የኢኢጂ መሣሪያ እየለኩ የምትስቅና የምታዝን ሴት በቪዲዮ አሳዩአቸው። የምትስቀውን ሲያዩ ግራው የፊት ክፍል ይበልጥ ይነቃ ነበር። ገና አፋቸውን ያልፈቱ ልጆች ናቸው።

በእንስሳትም አለ። በ2007 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት የ30 ውሾችን ጭራ በካሜራ ተከታትሎ ነበር። ጌታቸውን ሲያዩ የጭራቸው ውዝዋዜ ወደ ቀኝ ያደላል፤ የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ወደ ግራ። ቀኙን የጭራ ጡንቻ የሚያዘው ግራ አንጎል መሆኑን አስታውሱ። በዓይን ለመለየት ግን ያስቸግራል፤ የጎረቤትን ውሻ ጭራ አይታችሁ በሩን አትግፉ።

ቀኝ አንጎል የሰውን ስሜት የማንበብ ችሎታ አለው ይባላል። ምን ማለት ነው?

ይህኛው ጠንካራ መሠረት አለው። «እሺ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ነገ እመጣለሁ የሚለው የቧንቧ ሠራተኛ «እሺ»፣ የተቆጡት ልጅ «እሺ»፣ ተከራክራ የደከማት እናት «እሺ»፣ ሎተሪ የደረሰው ሰው «እሺ!» ሁሉም በጽሑፍ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ዜማቸው ነው። ቃሉን የሚይዘው በአብዛኞቻችን ግራው ነው፤ ዜማውን በመስማትም በማውጣትም ግን ቀኙ ትልቅ ድርሻ አለው።

ኤሊዮት ሮስ የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1979 ስለ አንዲት አስተማሪ ጽፎ ነበር። ቀኝ አንጎሏ ተጎድቶ ድምፅዋ ጠፍጣፋ ሆነባት። ቃላቱ ሁሉ አሉ፤ ስትቆጣ ግን ድምፅዋ ስለማይቆጣ ተማሪዎቿ አልሰማ አሏት። መጨረሻ ላይ ከምታዘው ነገር ኋላ «የምሬን ነው» እያለች በቃል መጨመር ግድ ሆነባት። ቤቷ ውስጥስ? ልጆቿን ስታቅፍ ድምፅዋ እንዳልሞቀላት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ከስትሮክ በኋላ አባታችሁ «ደህና ናችሁ?» ሲሉ ድምፃቸው ደረቅ ቢሆን «ቀዝቅዞብናል፣ አይወደንም» ለማለት አትቸኩሉ። «ናፈቃችሁኝ» ካሉ ቃሉን ስሙ። እናንተም ስሜታችሁን በድምፅ ብቻ አታስተላልፉ፤ «ዛሬ ከፍቶኛል» «ዛሬ ደስ ብሎኛል» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ሰምና ወርቅ ያለው ጨዋታ ይወዱ የነበሩ ሰው ሰሙን ብቻ ይዘው ሲቀሩም አይቻለሁ፤ እሱም ከዚሁ ጉዳት ጋር ይመጣል።

ፊት ላይም አንድ የሚገርም ነገር አለ። «እስቲ ፈገግ ይበሉ» ስላቸው የአፋቸው አንድ ጎን የማይነሣ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩን ከፍታ ስትገባ ሁለቱም ጎን ሲነሣ ታያላችሁ። በትእዛዝ የሚመጣ ፈገግታና ከልብ የሚፈነዳ ፈገግታ በአንጎል ውስጥ የሚጓዙበት መንገድ ይለያያል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊቀር ይችላል። ልጅቷን ይዛችሁ ኑ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ ይነጋገራሉ?

ሳያቋርጡ ይነጋገራሉ። ኮርፐስ ካሎሰም የሚባል፣ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች ያሉት ድልድይ ያገናኛቸዋል። በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ በመድኃኒት አልቆም ያለ የሚጥል በሽታ ለነበረባቸው ጥቂት ሰዎች ይህ ድልድይ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ነበር። እነሱን ያጠናው ሮጀር ስፔሪ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከሕሙማኑ አንዷ ለቀኝ አንጎሏ ብቻ በሚደርስበት መንገድ የእርቃን ሰው ምስል ድንገት ታያትና ቀላ ብላ ሳቀች። ምን አየሽ ስትባል ምንም እንዳላየች ተናገረች፤ ለምን እንደሳቀች ስትጠየቅ ያሳቃት ማሽኑ መሆኑን ነገረቻቸው። ስሜቱ ደርሷል፣ የሚናገረው ግራ አንጎል ግን ምክንያቱን ስለማያውቅ የመሰለውን ሰጠ። ድልድያችን ጤነኛ የሆነልን እኛም «ለምን እንደከፋኝ አላውቅም» የምንልበት ቀን አለ።

ግራኝ ነኝ። የእኔስ ተገላቢጦሽ ነው?

በከፊል ሊሆን ይችላል። ከሰው ሁሉ 90 በመቶ ገደማ ቀኝ እጁን ይጠቀማል፤ የድሮዎቹ የስሜት ጥናቶችም በብዛት በቀኝ እጀኞች ላይ የተሠሩ ናቸው። ጄፍሪ ብሩክሻየርና ዳንኤል ካሳሳንቶ በ2012 ግራኞችን ጨምረው ሲለኩ «ወደ ነገር የመቅረብ» ዝንባሌ በግራኞች ላይ ከቀኙ የፊት ክፍል ጋር ተያይዞ አገኙት።

የቋንቋችንን ነገር ላንሣ። «ቀኝ አውለኝ» ብለን ከቤት እንወጣለን፤ ቀኑ ሲጠም «በግራ ጎኔ ነው የተነሣሁት» እንላለን፤ ነገር ሲጠፋን «ግራ ገባኝ»። ቀኝ እጀኛ የበዛበት ዓለም መልካሙን በቀኝ አስቀመጠ። የካሳሳንቶ ሥራዎች እንደሚያሳዩት ግን ግራኞች ጥሩ ነገርን በግራ በኩል ወደ ማየት ያደላሉ። ልጃችሁ በግራ እጁ ሲጽፍ እጁን መምታት የለባችሁም፤ ያ እጅ ለእሱ ቀኙ ነው።

ሕፃን በግራ ክንድ መታቀፉ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሊ ሶልክ በ1960 እናቶችን ተመልክቶ ቀኝ እጀኛ ከሆኑት 83 በመቶው፣ ግራኝ ከሆኑት 78 በመቶው ልጃቸውን በግራ በኩል እንደሚያቅፉ ጻፈ። እሱ የልብ ትርታ ለመስማት ነው ብሎ ነበር። በግራ በኩል ያለው ልጅ ፊት በቀላሉ ለቀኝ አንጎል ስለሚደርስ ነው የሚሉ ሌሎች አሉ። እኛ አገር ልጅ ከክንድ ይልቅ ጀርባ ላይ ይውላል፤ ጡት ስታጠቡ ወይም ስታባብሉ ግን የትኛውን ክንድ እንደምታስቀድሙ እስቲ ልብ በሉ።

«የቀኝ አንጎል ሰው» «የግራ አንጎል ሰው» የሚባል አለ? ቀኝ አንጎልን የሚያነቃ ሥልጠናስ ልመዝገብ?

የለም፤ አትመዝገቡ። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1,011 ሰዎችን የአንጎል ምስል አይተው በአጠቃላይ አንዱን ግማሽ አብልጦ የሚያሠራ ዓይነት ሰው አላገኙም። ከዚያ በፊት በ2003 የ65 የምስል ጥናቶችን ውጤት በአንድ የደመረ ሥራም ስሜት በጠቅላላው ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ሆኖ አላገኘውም፤ ልዩነቱ በየትንንሽ ቦታው የተበታተነ ነው።

ጎን ለይቶ የሚሰጥ እውነተኛ ሕክምና ግን አለ። በማግኔት የራስ ቅል ላይ የሚሰጥ፣ በብዛት ግራውን የፊት ክፍል የሚያነቃቃ የድብርት ሕክምና አሜሪካ ውስጥ በ2008 ተፈቅዷል። መድኃኒት ላልሠራላቸው ሰዎች የታሰበ የሐኪም ሥራ ነው፤ ከዩቲዩብ ትምህርትና ከአፍንጫ ቀዳዳ እየመረጡ ከመተንፈስ ጋር አይገናኝም።

እኛ ስሜትን የምናውቀው በሆድና በአንጀት ነው። ያ ስህተት ነበር?

«አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰበረ» ስንል የምንገልጸው በእርግጥ የሚሰማንን ነው። አንጎል ልብን፣ ጨጓራንና አንጀትን በነርቭ ያዛል፣ ከእነሱም ወሬ ይቀበላል። ስሜት ከሚሠራባቸው ዕቃዎች አንዱ ይኸው ወሬ ነው። አያቶቻችን ስሜቱ የሚሰማበትን ቦታ በትክክል ሰይመውታል።

ድንገት ቤት ውስጥ ስትሮክ ቢደርስብን መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ወይም ሲጠፋ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ በድንገት ቢታይ እንኳ ጊዜ አትስጡት። ትኩስ ነገር ላጠጣ፣ ጋደም ብለው ይለፍላቸው፣ መጀመሪያ ጠበል እንውሰዳቸው አትበሉ። ጠበሉም ጸሎቱም በኋላ ይደርሳል። መዋጥ ሊያቅታቸው ስለሚችል በአፋቸው ምንም አትስጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ መኪና ያለው ጎረቤት ከቀደመ በእሱ ሂዱ። ሆስፒታል ስትደርሱ መጀመሪያ ሲቲ ስካን የሚባለው የአንጎል ምስል ይነሣል። በደም መርጋት የመጣ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሰዓቱን ጻፉ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያያችኋቸው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ሐኪሙ አስቀድሞ ይህንን ነው የሚጠይቃችሁ።